ለውቢት እጅ የተሞረደ እጀታ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታሪኩ የሚነገረው እንዲህ ነው፦ ውቢት በባሏ አርባ ላይ ሽማግሌዎችን ሰደበች፣ የእድሩን ስጦታ ከግድግዳ ላይ ገነጠለች፣ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው። ሦስቱም ትክክል አይደሉም። ማንንም አልሰደበችም። ስጦታው የነበረው ግድግዳ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ነው። አእምሮዋም በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ የተሻለ ይሠራ ነበር። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካቻቪቴ።

ለምን እንደጠየቀች ለማወቅ ከእጇ መጀመር ያስፈልጋል።

ውቢት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ከዓመታት በፊት የማሽኑ ከባድ በር ተወርውሮ የቀኝ አውራ ጣቷን ሥር ደቆሰው። አጥንቱ ገጠመ፤ ነገር ግን ጠሞ ገጠመ። መዳፏ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጉብታ ቀረች። መጥረጊያ ስትጨብጥ ያማታል፤ ድስት ስታነሳ ያማታል። ሰላም ሲላት ጠበቅ አድርጎ የሚጨብጣት ሰው ሲያጋጥማት ጥርሷን ነክሳ ፈገግ ትላለች። ሰላምታ የሚያጠብቁት ደግሞ የእድሩ ሰዎች ናቸው።

ተኩስ የጀመረችው ከዚያ አደጋ በፊት ነው። አብራት የምትሠራ አንዲት የቨርጂኒያ ሴት አንድ እሑድ ወደ ኢላማ ተኩስ ክበብ ይዛት ሄደች። ውቢት ለማየት ያህል ነበር የሄደችው። አንድ እጅ ዘርግቶ መቆም፣ ትንፋሽ መያዝ፣ ጥቁሯን ክብ እያዩ ምላጩን ቀስ አድርጎ መሳብ። በዚያች ቅጽበት ማሽን አይጮህም፣ ስልክ አይጠራም፣ ማንም "የት ጠፋሽ?" አይልም። ከዚያ ወዲህ ከክበቡ አልቀረችም። ባሏ ሀዲስ ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ።

"እኛ እኮ ሽጉጥ ፈርተን ነው ከአገር የወጣነው!"

"እኔ ዲቪ ደርሶኝ ነው የወጣሁት። የፈራኸው አንተ ከሆንክ እንጃ።"

ሀዲስ አናጢ ነበር፤ ከአይዘንሃወር አቬኑ ወረድ ብሎ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የወጥ ቤት ካቢኔ የሚሠራበት ሾፕ ነበረው። በአናጢነቱ ቀልድ አያውቅም። የተሰነጠቀ እንጨት በስቱኮ ደፍኖ ቀለም የሚቀባ ሰው ሲያይ "ይሄ ሌብነት ነው" ይል ነበር። የሚስቱ እጅ ከተጎዳ በኋላ ግን ከሽጉጡ ጋር ከፋብሪካ የመጣው እጀታ ጉብታዋን እየወጋ እንደሚያሰቃያት፣ ሽጉጡም በያንዳንዱ ተኩስ እጇ ውስጥ ወደ ግራ እንደሚዞር አየ። መሳቁን ተወ። "አምጪው እስቲ" አለ።

ለውድድር ተኳሾች ተብሎ የሚሠራ ሌላ እጀታ አለ። ከዎልነት እንጨት ተቀርጾ፣ ትርፍ ሥጋ ተትቶለት በፖስታ ይመጣል፤ ትርፉን ገዢው ለራሱ እጅ እየሞረደ ያስተካክላል። የውቢት እጅ ትንሽ ስለሆነ ትንሹ መጠን እንኳ ሰፋት። ሀዲስም ሥራውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጀመረ። ጥይት የሌለበትን ሽጉጥ ደጋግሞ ከፈተሸ በኋላ የልጃቸውን የፀዲን ሊፕስቲክ መዳፏ ላይ ይቀባል። ውቢት እጀታውን ትጨብጣለች፤ ትለቃለች። እንጨቱ ላይ ቀይ የታተመው ቦታ እጇን የሚጫነው ነው፤ ያን በሞረድ ይነካዋል። ቀይ ያልደረሰበት ደግሞ ባዶ ነው፤ ያን ይሞላዋል።

"በምን ትሞላዋለህ?" አለችው።

"በስቱኮ።"

"ሌባ!"

"ለካቢኔ ነው ሌብነት የሚሆነው። ይሄ ለዐይን አይደለም።"

ፀዲ ሊፕስቲኳ ሲያልቅ "ዳድ፣ ዩ ኦው ሚ ዋን፤ አዲስ ትገዛልኛለህ" እያለች ታኮርፋለች። እሱም "ከእናትሽ እጅ ላይ ልሺው" ይላታል። የበረዶው ወራት እንዲህ አለፈ። ከጉብታዋ ፊት ለፊት ጉድጓድ ተቆፈረ፤ መዳፏ መሃል ስቱኮው አበጠ፤ ላቧ እንዳያንሸራትታት ጎኑ በምስማር ጫፍ እየተነቀሰ ሸካራ ሆነ። አንድ እሑድ ስቱኮው ገና እርጥብ ሳለ ሀዲስ የሷን እጅ በራሱ እጅ ጠቅልሎ እጀታው ላይ ተጫነ። ሲደርቅ የውቢት መዳፍ እንደ ማኅተም ተቀርጾ ወጣ፤ ከጠርዙ አጠገብ ደግሞ ከሷ ጣት የሚሰፋ አንድ የአውራ ጣት አሻራ ነበር። "ይሄን ላጥፋው?" አላት። "ተወው" አለችው።

እጀታ መስተካከሉ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ዐይን ይጨፈናል፣ ክንድ ይነሳል፣ ዐይን ይገለጣል። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ያለ ምንም እርማት ከኋለኛው ክፍተት መሃል ከተገኘ እጀታው ልክ ነው። ውቢት ዐይኗን ገለጠች፤ መሃል ነበር።

የቀረው ታችኛው የመዳፍ ማረፊያ ብቻ ነበር። ሀዲስ እንጨት በሚጨብጠው ሞርሳ ላይ አስሮ ሊጨርሰው ወደ ሾፑ ወሰደው። ክበቡ ለክልሉ ውድድር ቡድን የሚመርጥበት ቀን ነሐሴ ውስጥ ነበር፤ አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ ሁለቱም የሚያስቡት ያን ነበር። "ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ" አላት። በማግስቱ ሾፑ ውስጥ ልቡ ቆመ። ሲያነሱት እጀታው ሞርሳው ላይ እንደታሰረ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ ቤቱ በሰው በተሞላበት ሰሞን፣ ውቢት አንድ ነገር ብቻ ለመፈለግ ወደ ሾፑ ሄደች። ሞርሳው ባዶ ነው። ለሀዲስ ለብዙ ዓመት የሠራው ዋለልኝ መጥረጊያ ይዞ ቆሟል።

"ዋለልኝ፣ እዚህ ላይ የነበረው እጀታ የታለ?"

"አላየሁም፣ እትዬ ውቢት።" መሬት መሬት እያየ ነው የመለሰላት።

መሳቢያዎቹን ከፈተች፤ ፍቅፋቂው ውስጥ በእጇ ፈለገች፤ የቆሻሻውን ከረጢት ዘረገፈች። የእድሩን ሊቀመንበር ጋሼ ሙላቱን ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ደውላ ጠየቀቻቸው፤ ሾፑን ያጸዱት ሰዎች በሳቸው ትእዛዝ የሄዱ ነበሩና። "ይገኛል ልጄ" አሏት። "ዕቃ ነው። አንቺ ብቻ እህል ቅመሺ።"

ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ ገባ። ውቢት የፋብሪካውን እጀታ መልሳ ገጥማ ወደ ክበቡ ሄደች። ዐይኗን ጨፍና ክንዷን አነሳች፤ ስትገልጥ ማነጣጠሪያው ወደ ግራ ሸሽቷል። በጉልበት አስተካክላ ተኮሰች፤ ጥይቶቹ ወረቀቱ ላይ እንደ ተበተነ ምስር ሆኑ። ማታ እጇ አብጦ ማንኪያ አልይዝ አለ። እጀታው ካልተገኘ ያ ቦታ የሷ አይሆንም። ከዚህም የከፋው፣ ሀዲስ የበረዶውን ወራት ሙሉ የደከመበት ነገር አንድ ጥይት ሳይተኮስበት ሊቀር ነው።

የአርባው ተዝካር የተደረገው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ባለው አዳራሽ ነው። ሰው ጸሎቱን ጨርሶ በልቶ ሲያበቃ ጋሼ ሙላቱ ተነሱ። ሰባ ያለፉ፣ ንግግር የሚያምርባቸው ሰው ናቸው።

"ወንድማችን ሀዲስ እጁ ወርቅ ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ተረስቶ መቅረት የለበትም ብለን እኛም አቅማችን የፈቀደውን አድርገናል። ውቢትዬ፣ ልጄ፣ እስቲ ወደዚህ ነይ።"

ከጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ገፈፉ። የተወለወለ ሰሌዳ ነው፤ ላዩ ላይ የሀዲስ ፎቶ አለ፤ ከፎቶው ሥር በወርቃማ ፊደል "የሀዲስ የመጨረሻ ሥራ" ተብሎ ተጽፏል፤ ከጽሑፉ ሥር በሁለት ብሎን የታሰረው ያ እጀታ ነው። በቫርኒሽ አብረቅርቋል። አዳራሹ "እሰይ፣ እሰይ" አለ።

ውቢት እጇን ዘርግታ ነካችው። ሸካራው የለም። ጉድጓዱ ተስተካክሏል። እብጠቱ የለም። አውራ ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳለፈችው፤ እንደ መስታወት አንሸራተታት።

"ስቱኮውስ?" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ከኋላ ቆሞ የነበረው ዋለልኝ ደስ ብሎት ቀረበ። "ጠረግነው እትዬ! ጋሼ ሀዲስ እኮ ስቱኮ ነፍሱ አይወድም። ሳይጨርሰው ነው የሄደው፤ እንዲያ ተለጣጥፎ፣ ጎርበጥባጣ ሆኖ ሰው ፊት ሊቀርብ ነው? የሙያው ክብር ነው ብዬ በራሴ እጅ አለሰለስኩት።"

"አላየሁም ብለኸኝ ነበር።"

"ሰርፕራይዝ እንዲሆን ነዋ!"

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የውቢት እናት ደሴ ያረፉ ጊዜ ይኸው እድር መርዶውን ከሷ በፊት ሰምቶ ነበር። እንደ ወጉ ደበቁት። በዚያ መሃል ሰርግ ነበረና አብረው ሄዱ፤ መድረኩ ላይ ወጥታ ስትጨፍር ሁሉም እያወቀ አጨበጨበላት። ከዚያ አንድ ጎህ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሯን አንኳኩ። ያን ጊዜ አልቅሳ ስታበቃ አንድ ቃል ለምናቸው ነበር፤ ከእንግዲህ ከእኔ ምንም አትደብቁ። ጋሼ ሙላቱ ራሳቸው "ቃሌ ነው" ብለዋታል።

"ካቻቪቴ ያለው ሰው አለ?" አለች ውቢት።

ሰዉ ተያየ። ጋሼ ሙላቱ የሰሙ አልመሰላቸውም። "ምን አልሽ ልጄ?"

"ካቻቪቴ። ልፈታው ነው።"

"ይሄማ መታሰቢያ ነው እኮ! አዳራሹ ውስጥ ሊሰቀል ነው።"

"የማን መታሰቢያ? እጀታው የሀዲስ አይደለም፣ የእኔ ነው። እኔ ደግሞ አልሞትኩም፣ ጋሼ።"

"ኧረ በእመብርሃን!" አለች አንዲት ሴት ከመሃል። "በሰው አርባ ላይ የሽጉጥ ወሬ!"

"ቢያንስ ለሐዘኑ ክብር ስትይ" አሉ ጋሼ ሙላቱ፤ አሁን ድምፃቸው ጠንከር ብሏል። "ይሄ ሁሉ ሰው ለአንቺ ብሎ ነው የደከመው።"

ውቢት ያን ጊዜ ነው ድምጿን ከፍ ያደረገችው። ከፍ አደረገች እንጂ አልተሳደበችም።

"ብትሰርቁኝ ይሻለኝ ነበር። ሌባ ቢሆን ፖሊስ እጠራለሁ። 'ለአንቺ ብለን ነው' የሚለውን ሰው ለማን ልክሰሰው? ቆሻሻ ውስጥ ስፈልግ ታውቃላችሁ። ደውዬ ሳለቅስ ታውቃላችሁ። አንዳችሁ እንኳ 'ይሄ ነገር ምን ያደርግልሻል?' ብላችሁ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?"

ፀዲ ከወንበሯ ተነስታ ክንዷን ያዘቻት። ፊቷ ቀልቷል። "ማም፣ ፕሊስ፣ ኖት ሂር፤ እዚህ አይሆንም።" ከዚያ ሰሌዳውን አየችው፤ ጠጋ ብላ እጀታውን በጣቷ ነካካችው። ሊፕስቲኳን የጨረሰባት እንጨት ነው። ዞራ ወደ ውጭ ወጣች። ሁሉም አፍራ የሄደች መሰለው። ተመልሳ ስትመጣ ከመኪናው ውስጥ ካቻቪቴ ይዛ ነበር።

"ወደ ግራ ነው ማም" አለቻት።

ውቢት ሁለቱን ብሎኖች በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፈታች፤ እጀታውን ነጠላዋ ውስጥ ጠቀለለች። ለመጣው ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች። የሆነው ይህ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ግን ያን ተረት እሷ አልተናገረችውም።

በቤልትዌይ፣ በቀለበቱ መንገድ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ተመለሱ። እቤት እንደገባች እጀታውን ሽጉጡ ላይ ገጥማ ዐይኗን ጨፈነች፤ ክንዷን አነሳች፤ ገለጠች። ከፋብሪካው እጀታ ይብሳል። ጉብታዋን ወጋት፤ ቫርኒሹ አዳለጣት። በማግስቱ ራሷ ልትሞርደው ሞከረች። ግን የጨበጠች እጅ አትሞርድም፤ የምትሞርድ እጅ አትጨብጥም። ይህ ሥራ የሁለት ሰው ሥራ እንደነበረ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባት።

በሳምንቱ ዋለልኝ በሯን አንኳኳ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።"

"ሞረድ ይዘሃል?"

"መኪና ውስጥ አለ።"

"እንግዲያው ይቅርታውን መኪናው ውስጥ ተወውና ሞረዱን ይዘህ ና።"

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ፀዲ ሳትጠየቅ ሊፕስቲኳን አምጥታ አኖረች። ውቢት ቀባች፣ ጨበጠች፣ ለቀቀች፤ ዋለልኝ ቀዩን ሞረደ። ቫርኒሹን ፋቀ፤ ከጉብታዋ ፊት እንደገና ጉድጓድ ቆፈረ። ያስቸገረው የራሱ እጅ ነው። ሞረዱን ባስቀመጠ ቁጥር ጣቶቹ ሳያስበው ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ይሄዳሉ።

"አታለስልሰው!"

"ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"ልማድህን ካቢኔ ላይ። እዚህ ስትጨርስ ካማረ አበላሽተኸዋል ማለት ነው።"

"ጋሼ ሀዲስንም እንዲህ ትቆጪው ነበር?"

"እሱ ይጠይቀኝ ነበር" አለች።

ዋለልኝ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ በያንዳንዱ ሙረዳ "እዚህ ጋ ነው? በቃ?" እያለ ጠየቀ። ስቱኮውን በሚሞሉበት ጊዜ መዳፏ መሃል ያለውን ጠቅጥቆ የሀዲስ አሻራ ወደነበረበት ጠርዝ ሲደርስ አውራ ጣቱን ሊያሳርፍ ዘረጋ። ውቢት እጁን ያዘችው።

"እዚያ ጋ በጣትህ አይደለም። በማንኪያ ጀርባ ተጫነው።"

ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ማንኪያ አመጣ።

የመዳፍ ማረፊያው እስኪጠናቀቅ ብዙ ምሽት ፈጀ። የምርጫው እሑድ ሲደርስ እጀታው በስቱኮ ነጭ ነጭ ብሎ፣ በሊፕስቲክ ተዥጎርጉሮ፣ ለማየት የሚያስቀይም ነገር ነበር። የክበቡ መሣሪያ ተቆጣጣሪ፣ ሽበታም ሰውዬ፣ ሽጉጡን ከተፈቀደው መጠን አለማለፉን ለማየት መለኪያ ሣጥኑ ውስጥ አስገብቶ አወጣው፤ እንጨቱ የእጅ አንጓዋን አለመደገፉን በጣቱ አየ፤ ቅንድቡን አንስቶ እጀታውን አገላበጠውና ማን እንደሠራው ጠየቃት። "ባሌ" አለችው። ሽጉጡ አለፈ።

መስመሯ ላይ ቆማ ዐይኗን ጨፈነች። ክንዷን አነሳች። ስትገልጥ ማነጣጠሪያው መሃል ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ መተረክ አያስፈልግም። እጇ አልታመመም አይባልም፤ ሽጉጡ ግን አልዞረም። ክፍቱን ቦታ ያገኘችው በሰፊ ልዩነት አይደለም፤ አንዲት ወጣት ተኳሽ እስከ መጨረሻው ተከትላት ነበር። ግን አገኘችው።

ፀዲ ፎቶ አንስታ ለአንዲት ጓደኛዋ ላከች። ጓደኛዋ ለእናቷ አሳየች። በማግስቱ የእድሩ ቴሌግራም ላይ በጋሼ ሙላቱ ስም እንዲህ የሚል ወጣ፦ "እድራችን ባሠራው የመታሰቢያ እጀታ እኅታችን ውቢት አሸነፈች። የወንድማችን ሥራ እንዲህ በክብር እንዲታይ ለደከማችሁ ሁሉ ምስጋና ይድረሳችሁ።" ከሥሩ የተደረደረው አበባና ጭብጨባ ስክሪኑን ሞላው።

ውቢት ሆቴሉ ውስጥ፣ ከማሽኖቹ ፊት ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ባበጠው እጇ ቀስ እያለች ጻፈች፦

"እጀታውን የሠራው ሀዲስ ነው። ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ። ያስተካከለው ዋለልኝ ነው። የተኮስኩት እኔ ነኝ። የሆነው እንዲህ ስለሆነ እንዲህ ተብሎ ይነገር።"

አበባው ቆመ። አንድ ሰው "ኧረ ውቢት" ብሎ ጻፈና አጠፋው። ዋለልኝ ብቻ ከመልእክቷ ሥር "እውነት ነው" ብሎ አኖረ። ትንሽ ቆይቶ ስልኳ ጠራ። ጋሼ ሙላቱ ናቸው።

"ውቢት፣ ይሄ ሰው ፊት ይባላል?"

"እናንተ ሰው ፊት አላላችሁም?"

"እኔን በዚህ ዕድሜዬ…"

"ጋሼ፣ አንቱን ማዋረዴ አይደለም። ውሸት የሆነው የቱ ጋ እንደሆነ ይንገሩኝና አጠፋዋለሁ።"

ማሽኑ እየዞረ ነው፤ ውሃው ሲንጫጫ በስልኩ ውስጥ ሳይሰሙት አይቀርም። ዘጉት ብላ ስታስብ እንደገና ድምፃቸው መጣ፤ አሁን የንግግር ድምፃቸው አይደለም።

"ዋለልኝ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። እጅሽ ላይ ጉብታ አለ ይላል። አሁን ለአንቺ ሲሠራ ነው ያየው።"

"አለ።"

"በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እጨብጥሻለሁ እኮ። ያምሽ ነበር?"

"ያመኛል።"

"ታዲያ ምነው ሳትናገሪ?"

"ምነው ሳይጠይቁኝ?"

ውቢት ስልኩን ልትዘጋው አውራ ጣቷን አዘጋጅታ ነበር።

"እሺ" አሉ ሽማግሌው። "አሁን ልጠይቅሽ። ምን ሆነሽ ነው?"

ይቅርታ አላለችም፤ እሳቸውም አላሉም። የልብስ ጋሪውን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ከማሽኑ በር ጀምራ ነገረቻቸው።